ወንድምዎ የት እንደታሰረ ለማወቅ መጀመሪያ ስሙ እንዴት እንደተጻፈ ይወቁ

ለገጣፎ የሚኖሩ አንዲት እህት የጻፉልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። ታናሽ ወንድማቸው ከስድስት ዓመት በፊት በዲቪ አሜሪካ ገብቶ በቨርጂኒያ ግዛት ይኖራል፤ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን ስልኩ አይነሳም። አብሮት የሚሠራ አንድ ልጅ «አሌክሳንድሪያ ላይ ፖሊስ ይዞታል መሰለኝ» ካላቸው በኋላ ሌላ ወሬ አልመጣም። በዚህ መሀል አንድ የማያውቁት ሰው በዋትስአፕ ደውሎ፣ የዋስትና 4,000 ዶላር ቶሎ ካልተላከ ልጁ ወደ ሌላ ግዛት እንደሚወሰድ ነግሯቸዋል። እናታቸው እስካሁን አልሰሙም። «የአሜሪካ እስረኛ ስም በኢንተርኔት እንደሚገኝ ሰምቼ ስሙን አስገብቼ ፈለግሁ፤ ምንም አልመጣም። አልታሰረም ማለት ነው ወይስ አፈላለጉን አላወቅሁበትም?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

እህቴ፣ እግዚአብሔር በሰላም ያገናኛችሁ። እኔ እዚሁ ጣፎ ላይ በጥብቅና ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ደንበኞቼ ውጭ ዘመድ ያላቸው ቤተሰቦች ስለሆኑ እንዲህ ያለው ጥያቄ በየጊዜው ይመጣብኛል። ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ገንዘቡ ልናገር፣ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነውና። ወንድምዎ የት እንዳለ በራስዎ መንገድ ሳያረጋግጡ አንድም ዶላር አይላኩ። በቨርጂኒያ የዋስትና ገንዘብ የሚከፈለው ለፍርድ ቤቱ ወይም ዋስትናውን ለወሰነው ዳኛ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ቤተሰቡ ሙሉውን መክፈል ካልቻለ ደግሞ ፈቃድ ያለው የዋስትና ነጋዴ ብዙውን ጊዜ ከገንዘቡ 10 በመቶ ያህሉን የማይመለስ ክፍያ ተቀብሎ ዋስ ይሆናል። የደወለው ሰው እውነተኛ ከሆነ ሦስት ነገር ይነግርዎታል፦ ልጁ ያለበትን እስር ቤት፣ ጉዳዩን የያዘውን ፍርድ ቤትና የመዝገቡን ቁጥር። እነዚህን ከነገረዎት እርስዎ ራስዎ እስር ቤቱ ጋ ደውለው ማጣራት ይችላሉ። ሊነግርዎት ካልፈለገ፣ ወይም «ጊዜ የለም» እያለ ካጣደፈዎት፣ ስለ ወንድምዎ መጥፋት ከፌስቡክ ወይም ከወሬ የሰማ አጭበርባሪ ነው ብለው ይውሰዱት። ቤት ንብረታቸውን አስይዘው ተበድረው ለእንዲህ ያለ ሰው የላኩ ቤተሰቦችን አውቃለሁ፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ልጁ በዚያ ሰዓት የተያዘበት ጉዳይ ያለ ገንዘብ ዋስትና የሚያስፈታ ሆኖ መገኘቱ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ስሙን አስገብተው ምንም አለማግኘትዎ አልታሰረም ማለት አይደለም። የአሜሪካ የእስረኛና የፍርድ ቤት መዝገብ በአብዛኛው ለማንም ክፍት ነው፤ ነገር ግን የሚከፈተው ስሙ በመዝገቡ ላይ በተጻፈበት ፊደል ለጠየቀው ሰው ብቻ ነው። ያ ፊደል ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እናትዎ ቤት፣ ወረቀት በሚቀመጥበት ሣጥን ውስጥ ነው።

እኛ አገር ሰው ሲታሰር ፍለጋው በእግር ነው። ጣፎ አካባቢ የተያዘ ሰው ዘመዶች መጀመሪያ ለገጣፎ ለገዳዲ ክፍለ ከተማ ፖሊስን ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ወደ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ጣቢያዎች ይሻገራሉ፤ ከዚያ ሦስተኛ ወደሚባለው፣ ከዚያ ፌዴራል ፖሊስ፤ ጉዳዩ ከቆየ ደግሞ ቂሊንጦ፣ ቃሊቲና አባ ሳሙኤል ይደርሳሉ። ማንም ከቤቱ ሆኖ የሚያየው የስም ዝርዝር የለም። ሰውየው መኖሩ የሚታወቀው ተረኛው ፖሊስ መዝገቡን ገልጦ «አለ» ሲል፣ ወይም በበር የገባው የስንቅ ሳህን ባዶውን ሲመለስ ነው። ተረኛው ስሙን ቢስት እንኳ «ረጅሙ ልጅ፣ ሐሙስ ማታ ከታክሲ ተራ የመጣው» ብለን እናስረዳዋለን፣ እሱም ያስታውሳል። የአሜሪካው ፍለጋ ግን ከማሽን ጋር ነው፤ ማሽኑ የሚያውቀው ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው።

ስለዚህ ፍለጋው የሚጀምረው ከኢንተርኔቱ በፊት ነው። አንድ ምሳሌ ልንገርዎ፤ ስሙን ለውጬዋለሁ። ከለገዳዲ ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ አንድ አባት ልጃቸው ታስሯል የሚል ወሬ ሰምተው ወረቀት የሞላበት ፌስታል ይዘው ቢሮዬ ገቡ። ልጁ ኃይለሚካኤል ተስፋዬ ይባላል እንበል። እኛ የምናውቀውን ስም በአንድ ቃል ጽፈን፣ የአባቱን ስም በመጨረሻ ስም ቦታ አስገብተን ፈለግን፤ የለም። አንዱን ፊደል በሌላ እየቀየርን ደጋገምን፤ የለም። በኋላ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ስንዘረግፈው ልጁ ለፋሲካ ገንዘብ ሲልክ ባንኩ ለአባትየው የሰጣቸው ደረሰኝ ወጣ። የላኪው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሰፍሮበታል፤ መጀመሪያ ስሙ «ኃይለ»፣ የመጨረሻ ስሙ «ሚካኤል» ሆኖ፤ የአባቱ ስም ግን አንዲት ፊደል ሆና መሀል ላይ ቀርታለች። አንዱ ስም ለሁለት ተሰንጥቆ አባትየው ከልጃቸው ስም ውስጥ ወጥተው ነበር። በዚያ ስም ስንፈልግ ልጁ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ተገኘ። ደረሰኙ የረዳን፣ ገንዘብ ላኪ ድርጅት ስሙን የሚጽፈው ላኪው ካሳየው መታወቂያ ላይ በመሆኑና ፖሊስም ሰውየውን የሚመዘግበው ከዚያው መታወቂያ ላይ በመሆኑ ነው።

እርስዎም ዛሬውኑ የወንድምዎን ደረሰኞች፣ የፓስፖርቱን ቅጂ፣ የዲቪ ወረቀቱንና የቪዛውን ገጽ ፎቶ ይፈልጉ። ቪዛው ላይ «ሬጂስትሬሽን ነምበር» ከሚለው ሥር «ኤ» በሚለው ፊደል የሚጀምር 9 አኃዝ ያለው ቁጥር ካገኙ በደንብ ያስቀምጡት፤ በኋላ እንደማስረዳዎ ከስሙ ይልቅ የሚታመን እሱ ነው። ወረቀቶቹን ሲያዩ ሦስት ነገር ያስተውሉ።

የመጀመሪያው፣ የትኛው ስም በመጨረሻ ስም ቦታ እንደገባ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም ነው ያለን። አሜሪካዊው ቅጽ ግን የመጨረሻ ስም ግድ ይላል፤ ስለዚህ በአንዱ ሰነድ የአባት፣ በሌላው የአያት ስም በዚያ ቦታ ይገባል። ወልደማርያም፣ ገብረሥላሴ፣ ተክለሃይማኖትን የመሰሉ ስሞች ደግሞ ከመሀል ይሰነጠቃሉ። አንድ ስም ብቻ የተመዘገበለት ሰው በመጀመሪያ ስሙ ቦታ «ኤፍ ኤን ዩ» የሚል ሦስት ፊደል ተጽፎለት ሊገኝ ይችላል፤ የመጀመሪያ ስሙ አልታወቀም ማለት ነው፤ በዚህ ሦስት ፊደል የሚጠሩ ስንት ልጆቻችን አሉ።

ሁለተኛው የፊደል አጻጻፍ ነው። ፀጋዬን አንዱ በ«ቲ ኤስ» ሌላው በ«ኤስ» ብቻ ይጀምረዋል፤ ዮሐንስን አንዱ በ«ዋይ» ሌላው በ«ጄ» ይጽፈዋል፤ «ቀ» ባለበት ስም ላይ «ኬ» ወይም «ኪው» ይገባል፤ መሐመድ ደግሞ ስንት ዓይነት አጻጻፍ እንዳለው ሙስሊም ወንድሞቻችን ያውቁታል። አብዛኞቹ የመፈለጊያ ገጾች የስሙን የመጀመሪያ ጥቂት ፊደላት ብቻ ቢያስገቡም ይቀበላሉ፤ ሙሉውን ከመጻፍ ሦስት አራት ፊደል አስገብቶ የሚመጣውን ዝርዝር በዓይን ማየት ይሻላል።

ሦስተኛው የልደት ቀን ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ወንድምዎ መስከረም 12 ቀን 1988 ዓ.ም. ተወለደ እንበል፤ ይህ በእነሱ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 23 ቀን 1995 ነው። እርስዎ በለመዱት መንገድ 12/1/1988 ብለው ካስገቡት ግን አሜሪካዊው ወርን ስለሚያስቀድም ዲሴምበር 1 ቀን 1988 ብሎ ያነበዋል፤ ልጁም በሰባት ዓመት ያረጃል። የመጀመሪያው ቅጽ ሲሞላ እንዲህ ያለ ስህተት ገብቶ ከሆነ ሰውየው ዕድሜውን ሁሉ በዚያ ቀን ተመዝግቦ ይኖራል፤ ስለዚህ ማስገባት ያለብዎት ሰነዱ ላይ ያለውን ቀን ነው፤ እናትዎ የሚያውቁት እውነተኛው የልደት ቀን እዚህ አይሠራም።

ስሙን በትክክል ከያዙ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የት ይፈለጋል የሚለው ነው። የአሜሪካን እስረኞች ሁሉ በአንድ ላይ የሚያሳይ የመንግሥት መዝገብ የለም። በቁጥጥር ሥር የዋለና ጉዳዩ ገና የሚታይ ሰው፣ እንዲሁም አጭር ፍርድ የተፈረደበት፣ በካውንቲው (እኛ ወረዳ እንደምንለው ያለ አስተዳደር ነው) ወይም በከተማው እስር ቤት ይቀመጣል፤ ይህን እስር ቤት በቨርጂኒያ በአብዛኛው የሚያስተዳድረው ሸሪፍ የሚባለው በሕዝብ የተመረጠ ሹም ነው። በከባድ ወንጀል አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የተፈረደበት ሰው ወደ ግዛቱ ማረሚያ ቤት ያልፋል፤ እሱም የራሱ መፈለጊያ አለው። የፌዴራል መንግሥት እስረኞች በሌላ፣ በኢሚግሬሽን የተያዙት ደግሞ በሌላ መዝገብ ላይ ናቸው። ሦስት ሳምንት የሆነው ሰው በቅድሚያ የሚፈለገው በመጀመሪያው ቦታ፣ በአካባቢው እስር ቤት ነው።

ግን የየትኛው አካባቢ? «አሌክሳንድሪያ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። ይህን ለጣፎ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። እኛ ውጭ ላለ ዘመዳችን «አዲስ አበባ ነኝ» እንላለን፤ ቤታችን ግን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ነው፤ ጣፎ ላይ የተያዘ ሰው ጉዳይ የሚታየው በኦሮሚያ ፍርድ ቤት በአፋን ኦሮሞ ሲሆን፣ አንድ ፌርማታ አልፎ ሰሚት ላይ የተያዘው ግን በአዲስ አበባ ፖሊስ ተይዞ ሌላ ፍርድ ቤት ይቀርባል። አሌክሳንድሪያም እንዲሁ ናት። ቨርጂኒያ 95 ካውንቲዎችና ከካውንቲ ውጭ ራሳቸውን የቻሉ 38 ከተሞች አሏት፤ አሌክሳንድሪያ ከእነዚህ ከተሞች አንዷ ስትሆን የራሷ ፖሊስ፣ የራሷ ሸሪፍና የራሷ እስር ቤት አላት። ሆኖም የፖስታ አድራሻቸው «አሌክሳንድሪያ» የሚል ብዙ ሰፈሮች በእውነቱ ያሉት ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው፤ እዚያ የተያዘ ሰው የሚገኘው በፌርፋክስ ሸሪፍ እጅ ነው። ከዚህም በላይ ወሳኙ የተያዘበት ቦታ እንጂ የሚኖርበት ቦታ አይደለም። የወንድምዎ ቤት ቨርጂኒያ ቢሆንም ሲነዳ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ሜሪላንድ ወይም ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ተይዞ ከሆነ ሕጉም መዝገቡም ይለወጣል። ስለዚህ የሥራ ባልደረባውን እንደምንም ብለው አግኝተው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁት፤ በየትኛው መንገድ ወይም በየትኛው መደብር አጠገብ እንደተያዘ።

በስልክ መጠየቅም ይቻላል፤ እንዲያውም እኔ ከኢንተርኔቱ ይልቅ ስልኩን እመርጣለሁ። በእነሱ በጋ እኛ በ7 ሰዓት፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት እንቀድማቸዋለን፤ በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ወይም 11 ሰዓት ላይ ቢደውሉ እዚያ ሥራ የሚጀመርበት ጠዋት ነው። ሙሉ ስሙንና የልደት ቀኑን ተናግረው «እናንተ ጋ አለ ወይ? መቼ ገባ? ቀጠሮው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል፤ ማንነትዎን እንዲያስረዱ አይገደዱም። ብዙዎቹ መሥሪያ ቤቶች በስልክ የሚያገለግል አስተርጓሚ ስላላቸው «አምሃሪክ» ብለው መጠየቅን አይፈሩ። አንዳንዶቹ ድረ ገጾች ከአሜሪካ ውጭ ላለ ሰው ጨርሶ አይከፈቱም፤ ገጹ ካልመጣልዎ ስህተቱ የኔትወርክ ወይም የእርስዎ ላይሆን ስለሚችል፣ እዚያ ያለ የሚያምኑት ዘመድ እንዲያይልዎ ያድርጉ።

የእስር ቤቱ ዝርዝር ዛሬ ያለውን ሰው ነው የሚያሳየው፤ የተፈታ ወይም የተዛወረ ሰው ከዝርዝሩ ይወጣል። ስለዚህ ከእስር ቤቱ ጎን ለጎን የፍርድ ቤቱን መዝገብ ማየት ያስፈልጋል፤ እሱ አይጠፋምና። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት እንደሚደነግግ፣ የእነሱም ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 ያለ መያዣ ትእዛዝ የተያዘ ሰው ጉዳይ በመደበኛው ሁኔታ በ48 ሰዓት ውስጥ በዳኛ መታየት እንዳለበት ወስኗል። ሦስት ሳምንት ሙሉ በአካባቢ ፖሊስ እጅ የቆየ ሰው ፍርድ ቤት ላይ አሻራ ሳይተው አይቀርም። በቨርጂኒያ የመጀመሪያ ደረጃው «ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት» የሚባለው ሲሆን መዝገቡ በስም ያለ ክፍያ ይፈለጋል፤ የመጨረሻውን ስም አስቀድመው ያስገቡ። ሜሪላንድም የራሷ ተመሳሳይ ነጻ ፍለጋ አላት። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ክሱ ከትዳር ጓደኛ ወይም ከቤተሰብ አባል ጋር በተነሳ ጠብ ከሆነ ቨርጂኒያ ውስጥ የሚታየው የወጣቶችና የቤተሰብ ጉዳይ በሚዳኝበት በተለየ ፍርድ ቤት ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ላይ አለመገኘቱ ነጻ ነው አያሰኝም። ሰው ይህን ሊነግረን አፍሮ ዝም ስለሚል ነው ያነሳሁት።

ዲሲ ላይ ከሆነ ሌላ ነገር አለ። የዲሲ ከተማ የራሷ የነበረው ማረሚያ ቤት፣ ሎርተን ይባል ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ስለተዘጋ በዲሲ ፍርድ ቤት በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ወደ ፌዴራል እስር ቤቶች ይላካል፤ ከቤተሰቡ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ሌላ ግዛት ሊገኝ ይችላል። ለአሁኑ የእርስዎ ጉዳይ ይህ ገና ነው።

የፌዴራል እስር ቤቶች ቢሮ መፈለጊያ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በእጁ የገቡትን ሁሉ በስም ወይም በ8 አኃዝ የእስረኛ ቁጥር ያሳያል። ለማየት አንድ ደቂቃ ስለማይፈጅ ይዩት፤ ነገር ግን ባዶ ቢመጣ አይደምድሙ። በፌዴራል ክስ የተያዘና ገና ያልተፈረደበት ሰው በቢሮው እጅ ሳይሆን በፌዴራል ማርሻሎች ኃላፊነት ሥር ሆኖ፣ በውል በአካባቢ እስር ቤቶች ይቀመጣል። የአሌክሳንድሪያ ከተማ እስር ቤት ራሱ በዚህ ይታወቃል፤ የዶናልድ ትራምፕ የምርጫ ዘመቻ ኃላፊ የነበረው ፖል ማናፎርት እ.ኤ.አ. በ2018 ችሎቱን ሲጠብቅ እዚያ ታስሮ ነበር። የፌዴራል ፍርድ ቤት መዝገብ «ፔሰር» በሚባለው ሥርዓት በክፍያ ይታያል፤ ክፍያው በገጽ 10 ሳንቲም ሲሆን በሦስት ወር ውስጥ ከ30 ዶላር ካላለፈ ይሰረዛል።

ብዙ ቤተሰብ የሚጠፋበት ቦታ ግን የኢሚግሬሽኑ ነው፤ እዚህ ላይ ቀስ ብለው ያንብቡኝ። የካውንቲው መዝገብ «ተፈቷል» ብሎ ልጁ ግን ካልደወለ፣ ወደ ቤቱ ሄዷል ማለት ላይሆን ይችላል። አይስ የሚባለው የኢሚግሬሽን አስከባሪ መሥሪያ ቤት አንድን የውጭ ዜጋ ከፈለገው፣ መፈታት ከሚገባው ሰዓት በኋላ እስከ 48 ሰዓት ድረስ እንዲቆይለት እስር ቤቱን በጽሑፍ ይጠይቃል። ሁሉም እስር ቤት ይህን ጥያቄ አይቀበልም፤ የተቀበለው ግን ልጁን ያስረክባል፣ በመዝገቡም ላይ «ተፈቷል» ብሎ ይጽፋል። ግሪን ካርድ ያለው ሰውም በአንዳንድ ወንጀሎች ምክንያት በዚህ መንገድ ሊያዝ ይችላል። ወደ አሜሪካ ዜግነት የተለወጠ ከሆነ ግን አይስ ሊይዘው አይገባም፤ ስለዚህ ወንድምዎ ዜግነት ወስዶ እንደሆነ ይጠይቁ፤ በዲቪ የገባ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ማመልከት ስለሚችል ወስዶ ሊሆን ይችላል።

አይስ የራሱ መፈለጊያ አለው። በሁለት መንገድ ይሠራል፤ ቅድም ባልኩት ባለ 9 አኃዙ ቁጥርና በትውልድ አገር፣ ወይም በስምና በትውልድ አገር። በስም ሲፈልጉ ስሙ ፊደል በፊደል መግጠም አለበት፤ አንዲት ፊደል ብትዛነፍ «የለም» ይላል። ቁጥሩ ካለዎት ይህ ሁሉ ችግር ይቀራል። የትውልድ አገሩም የሚጻፈው በሰነዱ ላይ እንዳለው ነው፤ አስመራ የተወለደ፣ ወይም ቤተሰቡ ሱዳን በስደት ሳለ የተወለደ ልጅ ኢትዮጵያ ተብሎ ከተፈለገ አይገኝም። ከ18 ዓመት በታች ያሉ በዚህ አይፈለጉም። ቨርጂኒያ ውስጥ በአይስ የሚያዙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ወደ ፋርምቪል ወይም ወደ ካሮላይን ማቆያ ይወሰዳሉ፤ ከዚያም ወደ ቴክሳስ ወይም ሉዊዚያና ሊዛወሩ ስለሚችሉ በየሁለት ቀኑ ደግመው ይመልከቱ። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቱ ቀጠሮም በዚያው ቁጥር በኢንተርኔት ይታያል።

ሲያገኙት የሚያዩት ገጽ ያስደነግጥዎታል፤ ፎቶግራፉ፣ የተያዘበት ቀንና የክሱ ስም በግልጽ ሊወጡ ይችላሉ። ክሱ ፖሊስ የጠረጠረው ነው፤ ፍርድ አይደለም፤ በኋላ ሊቀነስም ሊሰረዝም ይችላል። ስለዚህ ገጹን ፎቶ አንስተው በቤተሰብ ቴሌግራም አይበትኑት፤ ክሱ ቢሰረዝም ፎቶው ከሰው ስልክ አይወጣም፣ የሰፈር ወሬም ወደ እናትዎ ጆሮ ከእርስዎ ቀድሞ ይደርሳል። በጎግል መጀመሪያ ላይ የሚመጡት «ሙሉ መረጃ በ30 ዶላር» የሚሉ ገጾች የግል ነጋዴዎች ናቸው፤ የሚሸጡልዎ ከመንግሥት ገጽ በነጻ የሚገኘውን፣ አንዳንዴም ያረጀውን ነው።

ከተገኘ በኋላ «ቫይን» በሚባለው ነጻ አገልግሎት ላይ ይመዝገቡ ወይም አሜሪካ ያለ ዘመድ ያስመዝግቡ። ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1994 በኬንታኪ ግዛት የተጀመረው የተበዳይ ወገኖች በዳያቸው ሲፈታ በድንገት እንዳያገኛቸው ለማሳወቅ ነበር፤ አሁን ግን ማንም ሰው ተመዝግቦ እስረኛው ሲዛወር ወይም ሲፈታ መልእክት ይደርሰዋል። እስር ቤት ውስጥ ያለ ሰው ስልክ ሊደወልለት አይችልም፤ እሱ ነው የሚደውለው፣ ወደ ውጭ አገር ደግሞ ብዙ ጊዜ አይወጣለትም። ስለዚህ እዚያ ያለ አንድ ዘመድ የስልኩን ሂሳብ ይክፈትለት። ስልኩ ሁሉ ይቀዳል፤ «ምን አድርገህ ነው?» ብለው አይጠይቁት፣ እሱም እንዳይናገር ይንገሩት፤ በአማርኛ ቢያወሩም ተተርጉሞ ችሎት ላይ ሊቀርብበት ይችላል። ስለ ጤናው፣ ስለ ቀጠሮውና ስለ ጠበቃው ይጠይቁ፤ ይበቃል። አቅም ከሌለው በወንጀል ጉዳይ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል፤ በኢሚግሬሽን ጉዳይ ግን ጠበቃ የሚይዘው በራሱ ወጪ ነው። የኢትዮጵያ ዜጋ ከሆነ ደግሞ ዋሽንግተን ያለው ኤምባሲያችን እንዲነገርለት መጠየቅ እንደሚችል ፖሊሱ ሊያሳውቀው ይገባል፤ ካልጠየቀ እርስዎ ወደ ኤምባሲው መጻፍ ይችላሉ።

በሁሉም ቦታ፣ በሁሉም አጻጻፍ፣ በቁጥሩም ጭምር ፈልገው ካጡት፣ ያኔ ጥያቄው የእስር መሆኑ ይቀራል። በመጨረሻ ይኖርበት በነበረው አካባቢ ፖሊስ ጋ ደውላችሁ ሰው ጠፍቷል ብላችሁ አመልክቱ፤ ለዚህ መጠበቂያ ጊዜ የለውም፣ አመልካቹ እዚያ ያለ ዘመድ ቢሆን ይመረጣል። የአካባቢውን ሆስፒታሎችም በዚያው ስምና የልደት ቀን ያስጠይቁ። ደረሰኞቹንና የቪዛውን ገጽ ካገኙ በማንኛውም የሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ይዘውልኝ ይምጡ፤ 10 ሰዓት ላይ አብረን እንደውላለን።